የማክሰኞ ጸሐፊዎች

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣
ማሞቂያው እያጓራ፣ ውርጭ ከመስታወት ሲጣበቅ፣
አራት ሆነን እንሰየማለን ከአዳራሹ ጓዳ፤
ደሞዝ የለን፣ አለቃ የለን፣ ያለብን የሙታን ዕዳ።

ኦሪስያ አለች፣ መነጽሯን በክር አንጠልጥላ፣
የሰው ሠርግ፣ የሰው ቀብር፣ በጫማ ካርቶን ጠቅልላ፤
ቶርቫልድ አለ፣ በስንዴ ማሳ ያረጀ ጣቱ
ማረሻ የያዘ ይመስል እርሳስ የሚከብደው ክብደቱ፤
ሚስ ፔትሪ፣ አስተማሪያችን፣ ዘጠና ሊሞላት አንድ የቀራት፣
ነጠላ ሰረዝ ስናጎድል ዛሬም እንደ ልጅ የምንፈራት፤
እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳሁ፣
መንገዱን ስለማውቀው ብቻ “ጸሐፊ ሁን” ተብዬ የመጣሁ።

የምንጽፈው የቱን ነው? ንጉሥ ያልረገጠውን፣
በሳስካችዋን ካርታ ላይ የዝንብ ነጥብ ያልተሰጠውን፣
የድርቁን ዘመን፣ ለአቧራው ሲባል ሳህን ተደፍቶ የሚቀርብበትን፣
ባቡሩ የመጣበትን ቀን፣ ሐዲዱም የተነቀለበትን፣
የኦስተርዴል የእህል ጎተራ፣ ከሩቅ እንደ ደብር የሚታየው፣
በአንድ ጧት፣ ቁርስ ሳይደርስ፣ ዶዘር ገፍቶ የጣለው።

ሙግት አናጣም። የኮቫልቹክ በረት መቃጠል፣
“መብረቅ ነው” ብሎ ልጁ ልኳል፤ ምን ብለን እንቀጥል?
ቶርቫልድ ሳቀ፦ “ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አባቴ ቆሞ እያየ!
ከመብረቁ ሳምንት ቀድሞ የኢንሹራንሱ ሰውዬ እዚህ ታየ።”
ሚስ ፔትሪ እርሳሷን ቀረጸች፣ ጥቂት ዝም አለች፣
መብረቁን አልነካችውም፤ “ይላሉ” ብቻ ጨመረች።
አንዲት ቃል፤ ጎረቤት አላጣላች፣ እውነትንም አልሸሸች።

የካቲት ነው፤ ብርዱ ምስማር ከእንጨት ይነቅላል፤
ኦሪስያ የተማሪ መዝገብ ስትገልጥ፣ አንድ ስም ተሰርዟል።
ፊሎሜን ላፎርኔዝ፣ ዕድሜ ስምንት። በላይዋ ቀጥ ያለ መስመር፤
ከዚያ ወዲያ የለችም፤ በፎቶ የለች፣ በመቃብር።

“የመንገድ ዳር ሰዎች ልጅ ናት” አለ ቶርቫልድ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
“ጎጆ የቀለሰ አባቷ፣ ለመንገድ በተተወ ዳርቻ ጥግ ፈልጎ፤
ከኛ በፊት እዚህ የነበሩ። ግብር ያልከፈለ ግን፣ ሕጉ፣
ልጁ ወንበር አያገኝም ነበረ።”
ማሞቂያው አንዴ አጓራ፤ ከዚያ እሱም ዝም ብሎ ቀረ።

ሚስ ፔትሪ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች።
“ቀለሙ የኔ ነው” አለች።
“ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ተቆጣጣሪው ከኋላዬ ቆሟል።
በማስመሪያ ነው ያሰመርኩት፣ እንዳይጣመም ተጠንቅቄ።
ልጅቱ ጓንቷን ጠረጴዛው ላይ ረስታ ወጣች። አንዱን ብቻ።”

(ይቅርታ፤ እዚህ ላይ ቤት አልመታልኝም።)

ኦሪስያ የራሷን ሠርግ ፎቶ ከተዘጋጀው ገጽ ላጠች፣
“ይህን ቦታ ለሷ” ብላ ሙጫውን በጥፍሯ ጠረገች።
ግን ምን እንበል? ልደቷን አናውቅ፣ ሞቷን፣ የሄደችበትን አገር፤
ያለን ስሟ ብቻ፣ ያውም በላዩ የተጋደመ መስመር።

ሚስ ፔትሪ ወረቀቱን ሳበች። ሦስት መስመር ጻፈች፦
“ፊሎሜን ላፎርኔዝ እዚህ ሦስት ወር ተማረች።
ጮክ ብላ ማንበብ ትወድ ነበር።
ያስወጣኋት እኔ ነኝ።” ፈረመች፤ “ይላሉ” ሳትጨምር።

ሰኔ ላይ አታሚው ደወለ። ከአውቶቡሱ ሞተር ሥር ነበርኩ፣
በዘይት የተለወሰ እጄን ትቼ ስልኩን በትከሻዬ ያዝኩ።
“ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ጎደሎ ነው፣ ምን ልሙላበት?
የስንዴ ዛላ ልሳል? ወይስ አበባ ልጨምርበት?”
“ልክ ነህ፣ ይጎድላል” አልኩት።
“እንደ ጎደለ አትመው።”